የአረጋውያን ገመና

በናይሮቢ ከተማ ወደ ሰው ቤት የሚሄድ እንግዳ በደጃፉ ላይ ቆሞ «ሆዲ!» ይላል። ይህ የስዋሂሊ ቃል በእኛ አገር «ቤቶች!» እንደምንለው ያለ ነው። የቤቱ ባለቤት ከውስጥ ሆኖ «ካሪቡ» እስኪለው ድረስ እንግዳው ከመድረኩ አያልፍም። ባለቤቱ ዝም ካለም፥ ምንም እንኳ በሩ ገርበብ ብሎ ቢታይና በውስጥ የሰው ኮቴ ቢሰማ፥ ጨዋ ሰው ተመልሶ ይሄዳል እንጂ ዘው ብሎ አይገባም።

ሰው ግን አርጅቶ ጉልበቱ ሲደክምና ከገዛ ቤቱ ወጥቶ በመጦሪያ ቤት ሲቀመጥ፥ «ሆዲ» የሚለው ሰው ያጣል። አስታማሚዋ ባልዲዋን ይዛ ትገባለች፤ ምግብ አዳዩ ሳሕኑን ይዞ ይገባል፤ ጠያቂ መጥቶ የሌላውን ሰው አልጋ ሲፈልግ መጋረጃውን ይገልጣል። ከእነዚህ አንዳቸውም ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሁሉም የገቡት ለበጎ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በቀን ብዙ ጊዜ በሩ ሳይንኳኳ የሚከፈትበት ሰው፥ ውሎ አድሮ ያ ክፍል የእርሱ አለመሆኑን፥ ቀጥሎም የገዛ ገላው የእርሱ አለመሆኑን ማሰብ ይጀምራል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልጽፍ የተነሣሁት ስለዚሁ ነገር ነው።

አስቀድሜ ግን ስለ አንድ ቃል ጥቂት ልበል። አማርኛ በመማር ላይ ያላችሁ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችን «ገመና» የሚለውን ቃል ፍች ብትጠይቁ፥ አንዱ «ነውር» ሌላውም «ምሥጢር» ይላችሁ ይሆናል። እኔም አማርኛን በትምህርት ቤት የተማርሁ ሰው ስለ ሆንሁ ለብዙ ጊዜ እንዲሁ ይመስለኝ ነበረ። ነገር ግን ሁለቱም አይበቁም። ገላን መታጠብ ነውር አይደለም፤ መታመምም ነውር አይደለም፤ ልጅ ለእናቱ «ገንዘብ አጥሮኛል» ብሎ መጻፉ ነውር አይደለም። ሆኖም እነዚህ ሁሉ ባለቤታቸው ሳይፈቅድ በሰው ፊት ሲገለጡ ያዋርዱታል። እንግዲህ ገመና ማለት ሊከድነውም ሊገልጠውም ሥልጣን ያለው ባለቤቱ ብቻ የሆነ ነገር ነው። ስለዚህም ነው በአማርኛ «ገመናዬን ሸፈነልኝ» ብሎ ማመስገን ትልቅ ምስጋና የሆነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልመለስ። በሥራ ምክንያት በናይሮቢ በሰነበትሁበት ጊዜ፥ የማውቃቸው ሰዎች አንድ ነገር ለመኑኝ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ አንዲት ያገራችን ተወላጅ ወይዘሮ ከከተማው ዳር ባለ መጦሪያ ቤት ይኖራሉ፤ ወደ ሐኪም ሲወሰዱ አስተርጓሚ ያስፈልጋቸዋል አሉኝ። እኒህ ወይዘሮ በወጣትነታቸው መጥተው ከአርባ ዓመት በላይ በናይሮቢ ነግደዋል። በስዋሂሊ ይከራከሩ፥ በስዋሂሊ ይገዙና ይሸጡ ነበረ። ዛሬ ግን የመርሳት ሕመም ስለ ጀመራቸው ስዋሂሊው ጠፍቷል፤ አማርኛቸውም አንዳንዴ ይመጣል፥ አንዳንዴ ይሄዳል፤ የእናታቸው ቋንቋ ትግርኛ ብቻ እንደ ጥንቱ ሆኖ ቀርቷል። በኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ሲሄድ፥ በልጅነት የያዙት ግን ሲቆይ፥ በብዙ አገር አረጋውያን ላይ የታየ ነገር ነው። እኔም አፌን የፈታሁት በትግርኛ ስለ ሆነ በደስታ እሺ አልሁ።

የሐኪሙ ክፍል በመሃል ከተማው ከኬንያታ ጎዳና እምብዛም በማይርቅ ፎቅ ላይ ነበረ። ከመጦሪያ ቤቱ አንዲት ወጣት አስታማሚ አብራቸው መጥታለች። ከመጠበቂያው አዳራሽ ስንደርስ ከአሥር የሚበልጡ ሰዎች ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቁ ነበረ። ከመስተዋት ኋላ የተቀመጠችው ጸሐፊ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን መዘገበች፤ ቀጥላም ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «ሌሊት ሽንት ያመልጣታል?» ብላ ጠየቀች።

እዚህ ላይ ጸሐፊዋን ልወቅስ እችል ነበረ፤ ነገር ግን የባሰውን ያደረግሁት እኔ ነኝ። የወይዘሮዋ ጆሮ የደከመ ስለ ሆነ ድምፄን ከፍ አድርጌ ያንኑ ጥያቄ በትግርኛ ጠየቅኋቸው። በሰው አገር ቋንቋችን ራሱ መጋረጃ ይሆነናል ብዬ ነበረ። ናይሮቢ ግን ያገራችን ሰው በየመንገዱ የሚገኝባት ከተማ መሆኗን ዘንግቻለሁ። ከኋላችን ተቀምጠው የነበሩ ሁለት ሰዎች ቀና ብለው ተመለከቱንና ወዲያው ዐይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። ጨዋዎች ስለ ነበሩ ነው የመለሱት፤ ነገር ግን ለወይዘሮዋ መስማታቸውን የነገራቸው ያው መመለሳቸው ነው።

ወይዘሮዋ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉና፥ «ልጄ፥ ይህንስ ከቤት ሳንወጣ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ቃል አልተነፈሱም። ሐኪሙ ዘንድ ስንገባም ዝም አሉ። ሐኪሙ ደግሞ እርሳቸውን ትቶ «ምን ይሰማታል? ትበላለች? እንቅልፍ ትተኛለች?» እያለ እኔን ይጠይቀኝ ጀመረ። ከሁለት ሰዓት በፊት ያወቅኋቸውን ሴት እንቅልፍ እኔ ከየት ልወቅ? በመጨረሻ ሕመምተኛዋ መልስ አይሰጡም ብሎ በወረቀቱ ላይ ጻፈና ሌላ ቀጠሮ ሰጥቶ አሰናበተን።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሕመማቸው ታወቀ። የሽንት ቧንቧ ሕመም ነበረ፤ ይህም በመድኃኒት የሚድን ነው። በአረጋውያን ላይ ግን ይህ ሕመም ሽንትን ከማሳመለጡ ሌላ አእምሮንም ያደናግራል፤ ስለዚህ ሰው «እርጅናው ጠናባቸው» እያለ ሊያልፈው ይችላል። መቃጠሉን ያወቀችው ያቺ ወጣት አስታማሚ ነበረች። በጧት ገላቸውን ስታጥባቸው፥ በሩን ዘግታ፥ በእጅ ምልክትና በተማረቻቸው በጥቂት የትግርኛ ቃላት ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው፤ ነገሯት። ዘጠኙን ቀን ሙሉ የተቃጠሉት በዚያ አዳራሽ ስላፈሩ ነው፤ ያሳፈርኋቸውም እኔ ነኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት በሕመምተኛው ላይ መተረት እንወዳለን። እንዲደብቅ ያደረገው ማን እንደ ሆነ ግን አንጠይቅም።

የዚያችን ልጅ ሥራ ከዚያ በኋላ ልብ ብዬ ተከታተልሁ። በኬንያ ሴቶች ከወገባቸው የሚታጠቁት፥ በጠርዙ ላይ የስዋሂሊ አባባል የታተመበት የጥጥ ጨርቅ አለ፤ ሌሶ ይሉታል። ልጅቷ ሁል ጊዜ ሁለት ሌሶ ትይዛለች። አንደኛውን በአልጋው ዙሪያ በተወጠረ ሲባጎ ላይ ትሰቅለዋለች፤ በዚያ ክፍል አራት አልጋ ስላለና ቤቱ ለመጋረጃ የሚተርፍ ገንዘብ ስለሌለው ነው። ሁለተኛውን ወይዘሮዋን ታለብሳቸዋለች። ከዚያም አንድ ክንድ ገልጣ ታጥብና ታደርቃለች፥ መልሳም ትሸፍናለች፤ ቀጥላ ሌላውን ክንድ፥ ቀጥላ እግርን። በዚህ አኳኋን ሰው ከራስ እስከ እግሩ ታጥቦ ሲያልቅ አንዲት ደቂቃ እንኳ ራቁቱን አይሆንም። ውኃው ይሞቅ ይቀዝቅዝ እንደ ሆነ በእጃቸው ያዩት ዘንድ መጀመሪያ ባልዲውን ታቀርብላቸዋለች። ፊታቸውንና ሊያፍሩበት የሚችሉትን ገላ ራሳቸው እንዲያጥቡ ጨርቁን በእጃቸው ትሰጣቸውና ፊቷን ታዞራለች። የት እንደ ተማረችው ጠይቄያት፥ «አያቴን አጥብ ነበረ» ብላ መለሰችልኝ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከእርሷ አፍ ነው፤ በዚያ ሰዓት እኔ ከውጭ ነበርሁ።

ፍርድ እንዳላጓድል አንድ ነገር ልጨምር። አንዲት አስታማሚ እስከ ቁርስ ሰዓት ድረስ ብዙ ሰዎችን አጥባ እንድትጨርስ የታዘዘች እንደ ሆነ፥ ሌሶ ለመስቀል የሚበቃ ጊዜ የላትም። በሩን ክፍት የምትተወው ከንቀት የተነሣ አይደለም፤ ከሚቀጥለው ክፍል የሚጠራትን ድምፅ ለመስማት ነው። ስለዚህ የአረጋውያንን ክብር የሚጠብቅ ሰው በመጀመሪያ የሚመለከተው የአስታማሚዎቹን ቁጥርና ደመወዝ መሆን አለበት። ደንብ በግድግዳ ላይ መለጠፍ ርካሽ ነው።

የኬንያ ሕግ በዚህ ነገር ዝም አላለም። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2010 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ28ኛው አንቀጽ ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ክብር እንዳለውና ይህም ክብር ሊጠበቅለት እንደሚገባ ይናገራል፤ በ31ኛው አንቀጽ የሰው የግልና የቤተሰብ ነገር ያለ አስፈላጊ ምክንያት እንዳይገለጥ ይከለክላል፤ በ57ኛው አንቀጽ ደግሞ አረጋውያንን ለይቶ አንሥቶ፥ ከበደል ተጠብቀው በክብር እንዲኖሩ፥ ከቤተሰባቸውና ከመንግሥትም ተገቢውን እንክብካቤና እርዳታ እንዲያገኙ ያዛል። አረጋዊ የሚለውም ከ60 ዓመት በላይ የሆነውን ሰው ነው። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ የሰውን የግል መረጃ የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። ይህን ሕግ የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት በ2023 ዓ.ም. አንድ የናይሮቢ መዝናኛ ቤት የእንግዳውን ፎቶግራፍ ሳያስፈቅድ በማኅበራዊ መገናኛ ላይ ስላወጣ 1,850,000 ሽልንግ ቀጥቶታል። ይህን ባሰብሁ ጊዜ ሳቅም ኀዘንም ይመጣብኛል። ለመዝናናት የወጣ ሰው ፊት ይህን ያህል ዋጋ ካለው፥ በአልጋ ላይ የተኛ ሽማግሌ ፊት ስንት ሊሆን ነው? ልዩነቱ፥ መዝናኛ ቤት የሄደው ሰው አቤቱታ መጻፍ መቻሉ ነው።

በአገራችንም በ1995 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ የግል ሕይወት እንዲከበር፥ በ41ኛው አንቀጽ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል፤ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቀበሉት ስለ አረጋውያን መብት የተጻፈው ፕሮቶኮልም በ2024 ዓ.ም. ጸንቶ በሥራ ላይ ውሏል። በእርሱም ውስጥ የመጦሪያ ቤት ኑሮ በአረጋዊው ምርጫ እንዲሆንና የሚሰጠውም እንክብካቤ አገሩ ካወጣው መመዘኛ እንዳያንስ የሚል ቃል አለ። ሕጉ እንግዲህ አለ። ሕግ ግን የመታጠቢያ ቤት መዝጊያ አይሆንም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረኝ የፎቶግራፍ ነገር ነው። በበዓል ሰሞን ከየመሥሪያ ቤቱና ከየማኅበሩ የተሰበሰቡ ሰዎች የበቆሎ ዱቄት፥ ዘይትና ሳሙና ጭነው ወደ መጦሪያ ቤት ይመጣሉ። ስጦታው መልካም ነው፤ ያስፈልጋልም። በአንድ እንዲህ ባለ ጉብኝት ላይ ተገኝቼ ያየሁት ነገር ግን ከዐይኔ አልጠፋም። በገዛ እጃቸው በደኅና የሚበሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጐብኚው ማንኪያውን ከእጃቸው ወሰደና ፎቶግራፍ እስኪነሣ ድረስ አፋቸውን ከፍተው እንዲጠብቁ ለመናቸው። እርሳቸውም፥ እንግዳ ማሳፈር አይገባም ብለው ይመስለኛል፥ አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ።

ይሁን እንጂ ነገሩን በቀላሉ መፍረድ አይቻልም። በአዲስ አበባ አያት አካባቢ ያለውን መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ድርጅት የማያውቅ የለም። ቢኒያም በለጠ የተባለው ሰው በ2010 ዓ.ም. መሥርቶት፥ በየመንገዱ የወደቁትን እያነሣ፥ በሕዝብ ርዳታ እጅግ ብዙ ሰዎች የሚያኖር ቤት ሆኗል። ችግሩን ያላየ ሰው አይሰጥም፤ ችግሩ ሲታይ ደግሞ የሚታየው የሰው ፊት ነው። ከመንገድ የተነሣ ሰው ቁስሉ ሳይታጠብ የተነሣውን ሥዕል፥ አገግሞ ልብሱን ለብሶ ከተቀመጠ በኋላ ራሱ አይቶ «ይታይ» ቢል፥ እኔ አንዳች ተቃውሞ የለኝም። «አይታይ» ቢልስ? ያን ጊዜ ሥዕሉ ብዙ ገንዘብ የሚያመጣ ቢሆን እንኳ መቅረት አለበት ብዬ አምናለሁ። አእምሮው ታውኮ እሺም እንቢም ማለት ለማይችለው ሰው ግን መልሱ ምን እንደሚሆን ሳስብ ውዬ ሳድር፥ ፊቱ ሳይታይ እጁ ብቻ ቢታይ ይበቃል ከሚል ሐሳብ ላይ ደረስሁ። የሚሻል ሐሳብ ያለው አንባቢ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።

በናይሮቢ በካሳራኒ በኩል «ኒዩምባ ያ ዋዜ» ማለትም «የአረጋውያን ቤት» የሚባል አለ፤ የድሆች ታናናሽ እኅቶች የሚባሉት መነኮሳይያት የሚያስተዳድሩት ነው። (ወይዘሮዋ የሚኖሩበት ቤት ይህ አይደለም።) የእነዚህን መነኮሳይያት ማኅበር የመሠረተችው ዣን ዡጋን የተባለች ድኻ ፈረንሳዊት ናት። በ1839 ዓ.ም. ክረምት አንዲት ዐይነ ሥውር አሮጊት ወደ ቤቷ አምጥታ የገዛ አልጋዋን ለቀቀችላት። በኋላም የሰበሰበቻቸው አሮጊቶች ቀድሞ በየደጁ ይለምኑ የነበሩ ስለ ሆነ፥ እነርሱ በቤት እንዲቀመጡ አድርጋ ቅርጫቷን ይዛ በእነርሱ ፈንታ ራሷ ልመና ወጣች። በ2009 ዓ.ም. በሮም ቅድስት ተብላ ታውጃለች። ስለ ፎቶግራፉ ነገር ባሰብሁ ቁጥር ይህች ሴት ትመጣብኛለች፤ ለልመናው ያወጣችው የአሮጊቶቹን ፊት ሳይሆን የራሷን ፊት ነበረና።

ስለ አነጋገርም ጥቂት ልበል፤ ይህም ቋንቋ ለሚማሩት ይጠቅማል። ሐኪሙና ጸሐፊዋ የተናገሩት በእንግሊዝኛ ነበረ። በእንግሊዝኛ ለሕፃንም ለአሮጊትም የሚነገረው አንድ ዓይነት ነው፤ በዚህ ሊወቀሱ አይገባም። ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ ግን ተርጓሚው «ሕመምሽ» እና «ሕመምዎ» ከሚሉት አንዱን መምረጥ አለበት። በትግርኛ ለተከበረ ወንድ «ንስኹም»፥ ለተከበረች ሴት «ንስኽን» ይባላል፤ በአማርኛ «እርስዎ» ሁለቱን ይበቃል፤ «አንቱ»ም አለ። በአማርኛ ስመ ጥር የሆነውን ሰው «አንቱ የተባለ» የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በናይሮቢ ወጣቶች አሮጊቷን ሴት «ሾሾ» ይሏታል፤ ከኪኩዩ ቋንቋ የመጣ ሲሆን አያት ማለት ነው፥ ፍቅርም አለበት። ነገር ግን በአንድ ክፍል አራቱም «ሾሾ» ሲሆኑ ስም ይጠፋል። ያቺ አስታማሚ በጧት ስትገባ «ከመይ ሓዲርክን፥ አደይ» ብላ የወይዘሮዋን ስም ትጨምራለች። የክብሩን አነጋገር አሳምራ ያዘችው፤ የተማሩ ሰዎች የሚሳሳቱት ነው።

«ወላጅን ወደ መጦሪያ ቤት መስደድ ያሳፍራል፤ ልጅ እያለ!» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጧሪ ቀባሪ ያለው ሰው የታደለ ነው፤ እኔም እናቴን በቤቴ ብጦር እወዳለሁ። ነገር ግን የገዛ ቤትም ቢሆን ገመናን ሁልጊዜ አይሸፍንም። እናት በጓዳ ተኝታ እየሰማች፥ ልጅ በሳሎን ለእንግዶች ቡና እያስቀዳ «ትናንት እኮ ፍራሹን አበላሸችው» ሲል ሰምቼ አውቃለሁ። እንግዶቹም «አይዞህ» ብለው አጽናኑት።

ከናይሮቢ ከመመለሴ በፊት ወይዘሮዋን ይቅርታ ልለምናቸው ሄድሁ። የመጀመሪያ ጊዜ በሄድሁበት ቀን ስለዚያ አዳራሽ ባነሣባቸው ፈጽሞ አያስታውሱትም፤ ሐኪም ዘንድ መሄዳቸውንም ረስተዋል። ነገር ግን የቀጠሮው ቀን ሲደርስ እኔ እንዳልጠራ ለልጅቷ ነግረዋት ነበረ። ለምን ብላ ብትጠይቃቸው፥ «እንጃ» ብለዋታል። አሁን አንዲት ያገራችን ሴት ታስተረጉምላቸዋለች፤ ጥያቄዎቹንም ከቤት ሳይወጡ ቀስ ብላ አስቀድማ ትጠይቃቸዋለች።

ለመሰናበት በሄድሁበት ቀን ከመሃል ከተማ ማታቱ ተሳፍሬ፥ መንገዱ ተጨናንቆ ስለ ነበረ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጉዤ ደረስሁ። ግማሽ ኪሎ ቡና ይዤ ነበረ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሌሶው ተሰቅሏል። ከመድረኩ ውጭ ቆሜ «ቤቶች!» አልሁ። ብዙ ቆይተው «ማን ነው?» አሉ። ስሜን ነገርኋቸው።

«ዛሬ አይመቸኝም፤ ሌላ ቀን ና» አሉኝ በትግርኛ።

ቡናውን ለልጅቷ ሰጥቼ ተመለስሁ።